የሚያንጠባጥበው ቦርሳ

ባለፈው ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የውሃ ኮዳዋ ክዳን ላልቶ ቦርሳዋ በረንዳው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ደብተር እንደሆነ ይደርቃል። እኔ ግን ጮህኩባት። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የተቆጣሁት እሷን አልነበረም።

ልጅ እያለሁ አባዬ የታክሲ ሹፌር ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ የድሬ አስፋልት ጫማ በሚያቀልጥበት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሰማያዊ ፔጆውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ይጠብቀኛል። መኪናዋ ቤንዚን፣ የጋለ ወንበርና እርጥብ ጫት ትሸታለች። በሰፈራችን ጫት ብርቅ አይደለም፤ የማን አባት የማይቅም አለና! የአባዬ ግን በዛ። ጠዋት ቅሞ ይወጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ በማግስቱ ለመንቃት ደግሞ ይቅማል። እናቴ «መኪናውን የሚነዳው አንተ ነህ ወይስ ምርቃናህ?» ስትለው ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መጋላ ገበያ አጠገብ ወተት ሻጯን ኤዶ ሃሊማን ገጨናት። ኤዶ የምንላት እንደ ሶማሌ ልጆች ነው፣ አክስቴ እንደማለት። ገጨናት እላለሁ፣ መሪውን የያዘው አባዬ ቢሆንም። ዓይኑ ፈጦ ነበር፤ ግን አላያትም፣ ፍሬን እንኳን አልያዘም። ቢጫ ጀሪካኗ ፈነዳና ወተቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። እሷ እግሯ ታጥፎ መሬት ላይ ቀረች።

አባዬ ከመውረዱ በፊት ከወንበሩ ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጫት አወጣና ቦርሳዬ ውስጥ በደብተሮቼ መሃል ወሸቀው። «ያዢልኝ፣ የኔ እናት» አለኝ።

የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ የአባዬን ዓይን እንዳየ ጠረጠረ፤ መርቅኖ ሲነዳ ነው ብሎ ያዘው። መኪናዋን ፈተሸ፣ ምንም የለም። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አባትሽ ዛሬ ቅሟል?» አለኝ።

«አልቃመም፣ ማርያምን!» አልኩ።

ቦርሳዬን አዝዬ ነበር የቆምኩት። ከጨርቁ የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ በእግሬ ሲንቆረቆር ይሰማኛል። ፖሊሱ ፊቴን እንጂ ጀርባዬን አላየም።

አባዬ ሁለት ቀን ታስሮ ተፈታ። ጥፋቱ ድንገት የገባችው የኤዶ ሃሊማ ነው ተባለ። እግሯ ጠሞ ተጠገነ፤ ካሳ የሚባል ነገር አላየችም። ሰፈሩ «የአባቷ ልጅ!» እያለ አሞገሰኝ። አባዬ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኔን ደፍሮ አያየኝም ነበር። አዲስ ቦርሳ ገዝቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ። እናቴ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ትል ነበር። የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ዛሬ ዛሬ ሹፌር ተጠርጥሮ ሲያዝ ይመረመራል ይላሉ። ያኔ ምርመራው እኔ ነበርኩ። ልጅ ስለሆንኩ፣ ስለፈራሁ ዋሸሁ ልበል። አድጌ፣ ወልጄ፣ አባዬንም ቀብሬ፣ በየሳምንቱ ከዚያችው ከኤዶ ሃሊማ ወተት እየገዛሁ ዝም ማለቴንስ ምን ልበለው? አፍራለሁ።

ልጄ ላይ በጮህኩ ማግስት ገበያ ሄድኩ። ኤዶ ሃሊማ ጠማማ እግሯን ዘርግታ ጀሪካኖቿ መሃል ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫቱን፣ ቦርሳውን፣ በማርያም መማሌን። እንባዬ አላስጨርስ አለኝ።

«አቦ ተይ እንጂ» አለችኝ። «መሬት ወድቄ ፊት ለፊቴ የነበረው ምን ይመስልሻል? ያንቺ ቦርሳ ነዋ! ጠብ ጠብ ሲል አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጅ ፊት አባቷን እንዴት ላሳስር? ስታድግ ራሷ ትመጣለች አልኩ።» አንዱን ጀሪካን እየከፈተች፣ «ቆየሽብኝ» አለች።

ከዚያ ወተቱን ሰፈረችልኝ። እንደ ወትሮው ምራቂ ጨመረችበት፤ እኔም እንደ ወትሮው ተቀበልኩ።