የግልገሎቹ ዳቦ

በክረምት፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ኪርያት አርዬ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ አንዳንዴ ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው የኮመጠጠ የእርጥብ ሣር ሽታ አፍንጫዬን ይነካኛል፤ ያን ጊዜ እናቴ ከሥራ ገብታ በር ላይ የፕላስቲክ ቦት ጫማዋን ስታወልቅ ትታየኛለች።

እማዬ ሻአሪያ ሰፈር ካለው ቤታችን በአውቶቡስ እየተመላለሰች፣ በሮሽ ሃዓይን መንገድ ባለ የበግ ማርቢያ ግልገሎች ትቀልብ ነበር። ጡት የጣሉት ግልገሎች ክረምቱን የሚቀለቡት «ታሕሚጽ» ነበር፤ ከነአገዳው ተከትክቶ በላስቲክ ታፍኖ የኮመጠጠ በቆሎ። እሷ ጎንደር ሳለች በጎቿን ያሳደገችው በመስክ ሣር ስለነበር፣ ይህን ነገር በአካፋ እየዛቀች ገንዳ ውስጥ ስትጨምር አንጀቷ አይችልም ነበር። «አሁን ይሄ ለሕፃን ይሰጣል?» ትለን ነበር። የበጎቹ ባለቤት ሽሙኤል ግን «ኮምጥጧል» ስትለው ይስቅባት ነበር። «እየወፈሩ አይደል? ሆዳቸው የለመደውን ነው የሚፈልገው። ዳቦም ሆነ እህል ድንገት እንዳትሰጪያቸው» ሲላት፣ «በሰደር፣ በሰደር» ብላ በዕብራይስጥ እሺታዋን ሰጥታ ታልፈው ነበር።

ጸደይ ገብቶ የአይሁድ ፋሲካ ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሕጉ እርሾ የነካውን ከቤቱ ያወጣል። ዳቦ ከቆሻሻ ጋር መጣል ነውር ስለሆነ፣ ሰው በፌስታል እየቋጠረ በቆሻሻ ገንዳው ዳር ያንጠለጥለው ነበር። አንድ ዓመት፣ በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እማዬ እነዚያን ፌስታሎች ሰብስባ፣ ከሰንበት የተረፈውን የእኛንም ዳቦ ጨምራ፣ በትልልቅ ከረጢት አጭቃ ይዛ ሄደች። «እነሱም ለበዓል አፋቸው ይጣፍጥ እንጂ!» አለችኝ ደስ ብሏት። ግልገሎቹ ተሻምተው በሉት። በማግስቱ ሦስቱ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሞተው ተገኙ።

ሽሙኤል ጥፋተኛ ያደረገው ራሱን ነበር። ታሕሚጹ ሻግቷል ብሎ ክምሩን በሙሉ አስጠርጎ አስጣለና፣ «ኮምጥጧል ስትዪኝ ሳቅሁብሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እማዬ የዳቦውን ነገር ሳትነግረው አካፋዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። የፋሲካ ዕለት የበግ ሥጋ ሲቀርብ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ አሞኛል ብላ ተነሣች። እኛ ግን በላን።

ሙቀቱ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ እማዬ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ሽሙኤል ከሩቅ ድርቆሽ እያስመጣ ሲንገላታ እያየች፣ ጠዋት ሰላም ሲላት አንገቷን ትደፋ ነበር። እውነቱን ልንገረው ስትል አባዬ «ተይው በቃ፣ ከሥራሽ ልትባረሪ ነው እንዴ?» ይላታል። እኔም ፌስታሎቹን አብሬያት ስለሰበሰብኩ፣ የሽሙኤል ስም በተጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

በመከር፣ የአስተስርዮ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰው የበደለውን ይቅርታ በሚጠይቅበት ሰሞን፣ ዕብራይስጡ እንዳያጥራት እኔን አስከትላ ወደ ሽሙኤል ሄደች። በረቱ ደጃፍ ላይ ስታየው፣ አፏን ሳትከፍት ከመሬት ድንጋይ አንስታ፣ እንደ አገሯ ወግ ማጅራቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። ሰውዬው ደንግጦ «ምን ሆናለች?» አለኝ። «ይቅርታ እየጠየቀችህ ነው። ግልገሎቹን ዳቦ ያበላቻቸው እሷ ናት» አልኩት። ሽሙኤል ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደላትና «በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ያላ፣ ጾሙ ሳይገባ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለን።

በአውቶቡስ ስንመለስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ ቀሎኝ ነበር። ዛሬ ሽሙኤል በሕይወት የለም፣ እማዬም ሥራ ካቆመች ቆይታለች። የእኔ ልጆች ሲያጠፉ «ስሊኻ»፣ ይቅርታ፣ ብለው ወደ ጨዋታቸው ይሮጣሉ፤ እኔም ሰው ሳስቀይም በስልኬ ሁለት ቃል ጽፌ እገላገላለሁ። አምና በጾሙ ዋዜማ እማዬን ተክዛ አገኘኋትና «ይቅር ብሎሽ የለም እንዴ? አሁን ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳት።

«እሱማ ይቅር ብሎኛል፣ ልጄ» አለችኝ። «ግልገሎቹን የት ሄጄ ልለምን?»