ፈንታሁንና አምስተኛው መስመር

አንበሳሜ ውስጥ ስልኩ የጠፋበት ሰው አዲስ ስልክ ከመግዛቱ በፊት ፈንታሁን ውብነህን ይፈልጋል። ፈንታሁን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ አንድ ጊዜ ያየውን ቁጥር አይረሳም። የዘመዱንም፣ የጎረቤቱንም፣ የወፍጮ ቤቱንም ቁጥር መንገድ ላይ ቆሞ ያስጽፋል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ያስተማራቸውን ልጆች ከነአባታቸው ስም ይጠራል። ዳዊትን በዘጠኝ ዓመቱ በቃሉ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ሰው ፈተና ይወድቃል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ እሱ ራሱማ ጨርሶ አላሰበውም።

የወደቀው በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። እንደ ብዙ መምህራን ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። ክረምቱ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ከቀሩት ትምህርቶች ከባዱ የላቀ ሊኒየር አልጀብራ የሚባለው ነበር። ፈንታሁን ግን አልፈራውም። የመምህርቷን ማስታወሻ ይዞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ የሒሳብ ማረጋገጫዎቹን አንድ በአንድ በቃሉ ያዛቸው። አብሮት የሚያድረው የእስቴው መምህር ሙላቴ በመስኮት ብቅ እያለ፣ «ጸሎቱ ሲያልቅ ለእኛም ጠበሉን ርጭልን» ይለው ነበር።

ፈተናው ነሐሴ አምስት ቀን ተሰጠ፤ ውጤቱ በአሥር ተለጠፈ። ፈንታሁን ከመቶ ሠላሳ አራት አገኘ። ለነሐሴ ሃያ አራት ዳግም ፈተና ተቀጠረለት። ያንንም ከወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ ሦስት ክረምት የደከመበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

በእነዚያ ሦስት ክረምቶች የጤፉን አረም ብቻዋን የገፋችው ባለቤቱ አልማዝ ናት። ውጤቱን በስልክ ሲነግራት፣ የዚህን አረም እሷ እንደምትጨርስ፣ እሱም የዚያን ጨርሶ እንዲመጣ ነገረችው። ፈንታሁን ሻንጣውን ማሰር ጀምሮ ነበር፤ መልሶ ፈታው።

መምህርቷ ሚስራ ኑሩ ትባላለች። አባቷ ገበያው መግቢያ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው። ተማሪዋ በአሥራ ሦስት ዓመት ስለሚበልጣት አንቱ ትለዋለች፤ እሱም መምህርቱ ስለሆነች እርስዎ ይላታል። የቢሮዋ በር ላይ ሲገናኙ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» እየተባባሉ ሲቆሙ ኮሪደሩ ላይ ያለው ተማሪ ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ፈንታሁን የፈተና ወረቀቱን ይዞ የሄደው ስህተቱን እንድታሳየው ነበር። እሱ አላገኘውም። የጻፈው ማረጋገጫ ከማስታወሻው አንዲት ፊደል አልጎደለበትም።

ነገሩ ስለ ሲሜትሪክ ማትሪክስ ነው። ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚወርደው ሰያፍ ላይ ቢታጠፍ፣ የላይኛው ቁጥር ከታችኛው ጋር የሚገጥም ከሆነ ሲሜትሪክ ይባላል። ቁጥሮቹ በሜትርና በሚዛን የምንለካባቸው የተለመዱት እስከሆኑ ድረስ፣ እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ከትክክለኛው አቅጣጫ ሲታይ ከሰያፉ ውጪ ያለው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ማስታወሻው ይህን ያረጋግጣል። ሚስራ ግን በፈተናው ላይ አንድ ቃል ለውጣ ነበር። ቁጥሮቹን ኮምፕሌክስ አደረገቻቸው፤ በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ የሚሰጥ ቁጥር ያለባቸው ናቸው። አሁንም እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብላ ጠየቀች። ፈንታሁን እውነት ነው ብሎ የያዘውን ጻፈ።

«እያንዳንዱ መስመር እንደ ማስታወሻው ነው» አለችው። «እኔ ራሴ ሳላይ እንዲህ አድርጌ አልጽፈውም። የጠየቅሁዎት ግን ሌላ ነው።» ቀጥላም አምስተኛው መስመር ምን እንደሚል ጠየቀችው።

ፈንታሁን ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን በልቡ አልፎ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን አወጣ፤ ዜሮ ያልሆነ ቬክተር ርዝመቱ ዜሮ አይሆንም። ቬክተር በተርታ የተጻፉ ቁጥሮች ነው፤ ርዝመቱ የሚታወቀውም ቁጥሮቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ በመደመር ነው።

«ለምን አይሆንም?» አለች ሚስራ።

ፈንታሁን ስድስተኛውን መስመር ነገራት።

አልሳቀችበትም። በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ ከምዕራፍ መካከል አንዷን አንቀጽ የጠየቋት እንደሆነ ከምዕራፉ መጀመሪያ ካልተነሣች እንደማይመጣላት አጫወተችው። የያዘውን መንገድ ታውቀዋለች፤ ጥሩ መንገድ ነው፤ እዚህ ብቻ አያደርስም። እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዋ ክፍት እንደሚሆን ነግራ ሸኘችው። ለአንድ ተማሪ ይህን ለማድረግ ያስገደዳት አልነበረም። ፈንታሁን ይህን ዛሬም ሳያነሣ አይውልም።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቡሄ ሆነ። ፈንታሁን ሙልሙል ዳቦ ይዞ ከከተማው ዳር፣ የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚታይበት በኩል፣ የኔታ ጥላዬን ሊጠይቅ ሄደ። የኔታ በልጅነቱ ያስተማሩት ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ ድንች ሲኮተኩቱ አገኛቸው። ጉልበት ስሞ ተነሣ።

«ከተማ ምን እግር ጣለህ?» አሉት።

ሒሳብ እየተማረ መሆኑን ነገራቸው።

«እስካሁን አላለቀም?»

ፈንታሁን መኮትኮቻውን ተቀብሎ እየኮተኮተ የደረሰበትን ሁሉ ዘረዘረ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጡት። ሲጨርስ ቅኔ ቤት የገባበትን ጊዜ ያስታውስ እንደሆነ ጠየቁት። ፈንታሁን ጆሮው ጋለ። እንዴት ይረሳዋል።

አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቀን በየዛፉ ሥር ተበትኖ የየራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት አዲስ ይፈጥራል፤ ሲመሽ ለየኔታ ያሰማል። ፈንታሁን ግን አልመጣለት ሲል፣ አንድ የማርያም ዕለት፣ ከእሱ የቀደመ ተማሪ ከወራት በፊት ያሰማውን ጉባኤ ቃና የሚባል ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ከነዜማው አንዳች ሳያጓድል አቀረበ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ፈንታሁን በሳምንቱ ቅኔ ቤቱን ትቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ በቃል መያዝ የሚያስመሰግንበት ቦታ አገኘ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉም ማንም ሳይስቅበት ኖረ።

«ያ ቅኔ እንከን አልነበረበትም» አሉ የኔታ። «የሚካኤል ነበር፤ አንተ ለማርያም አመጣኸው። ዳዊት ይደገማል፤ ቅኔ ግን ለዕለቱ ነው የሚቆጠር። ያንንም ጥያቄህን አስቀድመህ፣ ‹የማን በዓል ነህ?› በለው።»

ሲሄድ ከቤት ካስቀመጡት ካለፈው ምርት አንድ ከረጢት ድንች አሸከሙት። የእሱ አልነበረም፤ ታግሣ ላዳመጠችው ልጅ ነው። ፈንታሁን እምቢ ማለት አልቻለም። ፈተና ሳይታረም ለመምህር ስጦታ መስጠት ምን እንደሚባል ግን፣ መምህር ነውና፣ ያውቃል። ከረጢቱን አልጋው ሥር ከተተው።

ከማግስቱ ጀምሮ ባሕር ዛፉ ሥር ሌላ ሥራ ያዘ። አንድ ማረጋገጫ ይወስዳል፣ ከጥያቄው አንድ ቃል ይለውጣል፣ የቱ መስመር እንደሚሰበር ሲፈልግ ይውላል። ሙላቴ ድምፅ ቢጠፋበት ጸሎቱ ተቋረጠ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ እጁን ቢሮ ሄደ፤ ሚስራም ሦስት ቀን ከእሱ ጋር ባዶ ሰሌዳ ስታይ አመሸች። በአራተኛው ቀን ሳይቀመጥ ጻፈ። አንድን እና በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ የሚሰጠውን ቁጥር የያዘ ቬክተር ነበር። አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ፤ ያኛው በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ፤ ድምሩ ዜሮ። ቬክተሩ ዜሮ አይደለም፤ ርዝመቱ ግን ዜሮ ነው።

«አምስተኛው መስመር እዚህ ላይ ሞተ» አለ።

ሚስራ ሰሌዳውን አየችና፣ «ነገስ ምን ያመጣሉ?» አለችው። ፈንታሁን ከዚያ በላይ ምስጋና ተቀብሎ አያውቅም።

ነሐሴ ሃያ አራት ዝናብ ነበር። የፈተናው ዋና ጥያቄ ስለ ሲሜትሪክ ማትሪክስ የቀረበው ያው ነገር ነው፤ ዓለሙ ግን ሌላ ነው። ዜሮና አንድ ብቻ ያሉበት፣ አንድ ሲደመር አንድ ዜሮ የሚሆንበት ዓለም። የመብራት ማብሪያ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ማለት ነው። የፈንታሁን እጅ ሳያዝዘው የማስታወሻውን የመጀመሪያ መስመር ጽፎ ሁለተኛውን ጀመረ። ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አነሣ። የጻፈውን ሠረዘ። የማን በዓል ነህ አለው።

አምስተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ሳይነሣ ቀጥታ ሄዶ አገኘው። አንድና አንድን የያዘ ቬክተር፤ አንድ ሲደመር አንድ፤ ዜሮ። ከዚያ አራቱም ቦታው አንድ የሆነ ሠንጠረዥ ሠራ። በራሱ ሲያባዛው በየቦታው አንድ ሲደመር አንድ እየሆነ ሁሉም ዜሮ ወጣ። በሰያፍ ብቻ ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ በራሱ ተባዝቶ የሚጠፋው ከመጀመሪያውም ባዶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ባዶ አይደለም። ስለዚህ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ሰያፍ ብቻ አይሆንም፤ ሐሰት። ስድስት መስመር ሆነ። በማስታወሻው ላይ የለም፤ ማንም አልነገረውም።

ውጤቱ ጳጉሜን ሁለት ቀን ተለጠፈ፤ ሰባ አንድ። መጀመሪያ ለአልማዝ ደወለላት።

«አረሙ አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

«የእኔም አልቋል። በል ና።»

ከዚያ ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ወደ ሚስራ ቢሮ ሄደ፤ ከየኔታ የተላከ መሆኑንም ነገራት። ሚስራ አፉን ፈትታ ወደ ውስጥ አየች። ድንቹ ሁሉ ጣት ጣት የሚያህል ቡቃያ አውጥቷል።

«በቅሏል እኮ፣ ጋሼ።»

«ውጤቱ እስኪወጣ ጠብቄ ነው።»

ሚስራ ነገሩ ሲገባት ሳቀች፤ ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። አባቷ ጓሮ እንዳላቸውና እንደሚተክሉት ነገረችው። ለየኔታም ምስጋናዋን እንዲያደርስ አደራ አለችው። ሲወጡ በሩ ላይ ደግሞ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ» ተባባሉ። በዚህኛው ግን ፈንታሁን ቀድሞ ወጣ፤ የአንበሳሜው መኪና ሊያመልጠው ነበር።