ያላስረከብኩት የአሊ መጽሐፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝኩትም፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊቴን እያያችሁ ቢሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር።

ሰመራ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ጓደኛዬ አሊ፣ አፋር ነው፣ አዋሽ ያስተምር ነበር። እኔ ስለ ዱብቲ ጥጥ ለቃሚዎች ጻፍኩ፤ እሱ ስለ አዋሽ የባቡር ሠራተኞች። የሁለታችንም መጽሐፍ በአንድ ዓመት ታተመ። አዲስ አበባ ደግሞ በየዓመቱ የሠራተኛ ታሪክ ለጻፈ የሚሸልም ማኅበር ነበር፤ የሚቀበለውም በዚያው ዓመት የታተመውን ብቻ ነው። ያመለጠው አመለጠው።

የኔን ላስረክብ ስሄድ አውቶቡሱ አዋሽ ለምሳ ቆመ። አሊ መጽሐፎቹን በካርቶን አስሮ ጠበቀኝና «አደራ» አለኝ። መንገድ ላይ አንዱን መዝዤ አነበብኩት። ምነው ባላነበብኩት። የኔዎቹ ሠራተኞች ደመወዝና ቁጥር ብቻ ነበሩ፤ የሱዎቹ ሐዲድ እያነሱ በአለቃቸው ይቀልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በለጠኝ። ደሜ ፈላ።

የኔን አስረከብኩ። የሱን አላስረከብኩም። ረሳሁት እንዳልል አልረሳሁትም፤ ካደርኩበት ክፍል አልጋ ሥር ትቼው ወጣሁ። ስመለስ «ሰጠሁልህ» አልኩት። አመሰገነኝ።

ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደ። የኔን ዞር ብሎ ያየውም የለ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አሊ ግን አዲስ አበባ ሄዶ የመጽሐፉ ጉድለት ምን እንደሆነ ዳኞቹን ሊጠይቅ እንዳሰበ ሰማሁ። ያኔ ሞባይል የለም፤ ወሬውን ያመጣልኝ ከአዋሽ ወደ ገላፊ ድንበር የሚያልፍ አፋር ሾፌር ነው። እንዳልጋለጥ ፈራሁ። ሾፌሩ ሲመለስ «ዳኞቹን ጠይቄልሃለሁ፤ የተረት ጥርቅም እንጂ ታሪክ አይደለም ብለዋል በለው» አልኩት።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም። ይህን እያወቅሁ ውሸቴን በዳጉ ላክሁ። እኔን ሊጠራጠረኝ ይችል ነበር። ዳጉን ግን እንዴት ይጠራጠር?

አዲስ አበባ መሄዱን ተወ። የጀመረውን የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍልም ተወ። የባቡሩ ሽማግሌዎች ጠያቂ አጥተው አንድ በአንድ አለቁ። ቅናት ነው ልበል? ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ምን አጠፋ? እኔ ነኝ። እያወቅሁ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ታሞ ዘመዶቹ ዘንድ ዱብቲ ተኛ። ሁሉን ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። እሱ ቀደመኝ። እጄን ይዞ «ያንን የማይረባ መጽሐፍ አሸክሜህ ዳኞቹ ፊት አሳፈርኩህ። አላህ ሳይወስደኝ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ።

ጠበቀኝ።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ተቀበረ። እኔ እሱን ይቅር ብዬ የሸኘሁ ሰው፣ አሁን በምን አፌ ይቅር በሉኝ ልበል?