እትዬ አስቴር ያበደሩኝ ስም

ከሀገር የወጣሁ ዕለት፣ አውሮፕላኑ ሊነሳ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ እኔ ገና ማህተም ፍለጋ ላይ ነበርኩ። አራት ዓመት የብድር ኦፊሰር ሆኜ በሠራሁበት ባንክ ክሊራንሴን ይዤ ከቢሮ ቢሮ እሮጣለሁ። ንብረት ክፍል ፈረመ፣ ፋይናንስ ፈረመ፣ የመጨረሻው ሰውዬ ምሳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት አስጠበቀኝ። በስተመጨረሻ ክቡ ማህተም አረፈልኝ፤ "ከማንኛውም ዕዳ ነጻ ናቸው" ይላል። ወረቀቷን ከዲቪ ሰነዶቼ ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ተሳፈርኩ።

ያረፍኩት ሳን ሊያንድሮ፣ እትዬ አስቴር ቤት ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አረጋውያን ሲጦሩ የኖሩ የነርስ ረዳት። ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተኛሁ። ሳን ሆዜ አንድ ክሊኒክ ቢሊንግ፣ የታካሚ ሒሳብ መጠየቂያ ክፍል ሥራ እንዳገኘሁ "ቤት ልከራይ" ብል፣ "አይ ልጄ፣ መጀመሪያ ክሬዲት" አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ኦክላንድ ያገኘሁት አከራይ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ።

"ክሬዲት የለሽም።"

"ዕዳም የለብኝም" አልኩት በኩራት።

"ችግሩ እሱ ነው።"

ክሊራንሴን አወጣሁለት፤ አስተርጉሜዋለሁ እኮ! ማህተሙን በጣቱ ዳበሰው። "ያምራል" አለ። "ግን ተበድረሽ የማታውቂ ከሆነ፣ እንደምትከፍዪ በምን ላውቅ?"

እኔ እኮ እዚያ ስንቱን ነጋዴ "ዕዳ አለብህ" ብዬ የመለስኩ ሰው ነኝ! ይኸው ያልተበደረ ሰው የሚጠረጠርበት ሀገር ገባሁ።

እትዬ አስቴር ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በማግስቱ ባንክ ይዘውኝ ሄዱ። ሦስት መቶ ዶላር አስያዝኩና ሦስት መቶ ዶላር የሚያበድር ካርድ ተሰጠኝ።

"ስለዚህ የራሴን ገንዘብ ራሴ ልበደር?"

"አዎ። በቀኑ መልሺ፣ ጎበዝ ይሉሻል።"

የመኪና ጋዝ ብቻ እየሞላሁበት በየወሩ ከፈልኩ። የከፋይነቴ መለኪያ ቁጥር፣ ስኮሬ፣ ግን እንደ ሕፃን ጥርስ አልወጣ አለ። አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ "በእኔ ካርድ ላይ ስምሽን ላስገባልሽ" አሉ። "አንድ ቀን አዘግይቼበት አላውቅም። የእኔ መልካም ስም ላንቺም ይቆጠርልሻል።"

ተቆጠረልኝ፤ ከእሳቸው ሒሳብ የምገዛበት ካርድም በስሜ መጣልኝ። ቁጥሩ ዘለለ፤ እኔም አብሬው ዘለልኩ። ቤት ሳላገኝ የቤት ዕቃ ገዛሁ፦ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ። ቤት እስካገኝ ሱቁ እንዲያቆይልኝ አደረግኩ። ሁሉንም በእሳቸው ካርድ! ሒሳቡ ስልኬ ላይ ስለሚመጣ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እከፍላለሁ፤ እስካላዘገየሁ ምን ችግር አለው? ካርዱ ጢም ብሎ ሲሞላ የባለቤቱም ስኮር እንደሚወርድ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ማወቅም አልፈለግኩም።

ለካስ እትዬ አስቴር ቤት ሊገዙ ብድር ጠይቀው ኖሯል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወረቀት ይዘው ኩሽና ቆመዋል።

"ምንድን ነው የገዛሽው?"

"አልጋ... ጠረጴዛም።"

"ስንት ሰው የሚያስቀምጥ?"

"ስድስት።"

ወረቀቱን አቀበሉኝ፤ ካርዱ ስለሞላ ስኮራቸው ወርዷል ይላል። የቤት ብድሩ ወለድ ጨመረባቸው፤ እሳቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ቤቱን ሌላ ሰው ወሰደው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስሜን ብቻ ከካርዱ አስወጡ።

በሳምንቱ ሻንጣዬን ይዤ ዳሊ ሲቲ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋ ተጠጋሁ። ቅዳሜና እሁድ መጋዘን እየሠራሁ፣ ጠረጴዛውንም በኪሳራ ሸጬ፣ በአምስት ወር ዕዳውን ዘጋሁ። ያቺ የሦስት መቶ ዶላር ካርዴም እስከዚያ ዕድሜ ቆጠረችና ሳን ሆዜ አንዲት ስቱዲዮ አስገኘችልኝ።

ቁልፍ የተቀበልኩ ቀን አባቴ ጋ በቪዲዮ ደውዬ ክፍሏን አዙሬ አሳየሁት።

"ዋስ የሆነሽ ማነው?" አለኝ።

"እዚህ ዋስ የለም አባዬ፣ ቁጥር ነው።"

"ቁጥር ከሜዳ አይታፈስም። መጀመሪያ እጅሽን የያዘ ሰው አይጠፋም።"

"እትዬ አስቴር ናቸው።"

"በይ አገናኚኝ፣ ላመስግናት።"

ከቤታቸው ከወጣሁ ወዲህ ስልኬን አንስተውልኝ አያውቁም።

"ሥራ ላይ ናቸው" አልኩት።