አፈር የለበሰው የፍሬን መስመር

ትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ባጃጅ ነጂውም፣ ሽንኩርት ነጋዴዋም፣ የሆቴል አስተናጋጁም «ትራፊኳ» ነው የሚለኝ። ሰው ሥራዬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ፊሽካ መንፋት ይመስለዋል። እሱም አለ። ግን አደጋ ሲደርስ ፕላን የማነሳውም እኔ ነኝ። መኪናው የት እንደቆመ፣ ሰውየው የት እንደወደቀ፣ ፍሬኑ ከየት እስከ የት አስፋልቱን እንዳጠቆረ በሜትር ለክቼ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ዓቃቤ ሕጉም ዳኛውም ቦታው ላይ አልነበሩም፤ የሚያዩት እኔ የሳልኩትን ነው። አንድ ሹፌር እስር ቤት ይከርማል ወይስ ቤቱ ይገባል የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ ባገኘሁት ጥቁር መስመር ይወሰናል።

ያ መስመር ደግሞ በእኛ በኩል ብዙ አይቆይም። ሙቀቱ አለ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሰው የጭነት መኪና አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሰዉ ደግነት ነው። እኔ በምሠራበት ቆላ የሰው ደም ተገልጦ አይተውም። ጎማ እንዳይሄድበት፣ ውሻ እንዳያሸተው ብለው፣ እኔ ሳልደርስ አካፋ ይዘው ይወጡና አፈር ያለብሱታል፤ ዙሪያውን ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ ይደረድሩበታል። ሥልጠና ላይ «የአደጋ ቦታ አይነካም» ተብለን ተምረናል። እስቲ ያስተማረን ሰው ይምጣና ለሟች ጎረቤቶች ይንገርልኝ። እኔ ተናግሬ ተናግሬ አፌ ደርቋል።

ምስክሩም ያው ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለው ሁሉ በቆመው ሰው ላይ ነው። ሟች ሁልጊዜ ዳሩን ይዞ ሲሄድ ነበር፤ ሹፌር ሁልጊዜ ሲበር ነበር። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚበሩትን አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን በህልሜም እከስሳቸዋለሁ። ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቢሯችን ደግሞ ነገሩ ተመችቶታል። ወደ ዞን በሚላከው፣ ከዚያም ሬዲዮ ላይ በሚነበበው ዜና ውስጥ «አሽከርካሪው ከፍጥነት በላይ በማሽከርከሩ» የምትለዋ ሐረግ እንደ ጨው ናት፤ የማትገባበት ወጥ የለም። እኔም ስንቱን ጊዜ አንብቤ ዝም ብያለሁ። ሰው ይደክመዋል።

በሽንኩርቱ ወቅት አንድ ረፋድ ላይ ተደወለልኝ። ከጀውሃ ወዲህ ሽንኩርት የጫነ መኪና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገጭቶ ገድሏል። ከባልደረባዬ ጋር ስንሄድ መንገድ ላይ አንዲት ባጃጅ አስቆመችን። ውስጧ ሹፌሩ ተቀምጧል፤ ነገሩ ሳይጦዝ ደጋግ ሰዎች ወደ ጣቢያ እየላኩት ነበር። ወጣት ነው፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እህቴ፣ ፍሬን ይዣለሁ» አለኝ። «ክላክስም አድርጌያለሁ። እናቴ ትሙት፣ መስመሬን አልለቀቅኩም።»

ሹፌር ሁሉ ፍሬን ይዣለሁ ነው የሚለው። «እሺ፣ ጣቢያ ቆየኝ» ብዬው አለፍኩ።

ቦታው ላይ ስደርስ ሟቹ ተሸፍኖ ግራሩ ጥላ ስር ተኝቷል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና እየተጠበቀ ነው፤ ያለ ሐኪም ወረቀት አይቀበርም፣ ቤተሰቡ ደግሞ ጀናዛው ለከሰዓቱ የአስር ሶላት እንዲደርስ ይፈልጋል። ወንድሙ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በዝንጣፊ ዝንብ ይከላከልለታል። እሱም ሽማግሌ ነው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ቀጭን ሰውዬ።

አስፋልቱን አየሁ። አፈሩ ሰውየው በወደቀበት ብቻ አልቀረም። ለካ ሟቹ ከጎማው ስር ስለነበር ሰዎች ጮኸው ሹፌሩን ወደ ኋላ አስመልሰውታል። ደም የነካው ጎማ ወደ ኋላ ሲንከባለል በመጣበት ላይ ደሙን ይዞት ሄዷል። እነሱም ጎማው የሄደበትን ሁሉ ተከትለው፣ ምንም ሳያስቀሩ፣ አፈር አልብሰውታል። ፍሬን ተይዞ ከነበረ ምልክቱ ያለው እዚያው ስር ነው። ካልተያዘም እዚያው ነው የሚታወቀው።

ምስክሮቹን ጠየቅኩ። አንዱ ይበር ነበር አለኝ። ሌላው ክላክስ የሚባል አልሰማሁም አለኝ። ሦስተኛው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ብሎ ጀመረና፣ ሊወቅስ ነው ብዬ ጆሮዬን ሳቆም፣ ሟች እንዴት ያለ ጨዋ ሰው እንደነበረ ነግሮኝ ጨረሰ።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ዜናውን ለዞን የሚያቀብለው የቢሮ ባልደረባችን ነው።

«መንስኤው ምንድን ነው?» አለ።

«እየተጣራ ነው በል።»

«አንቺ ደግሞ! እየተጣራ ነው የሚባል መንስኤ አለ እንዴ? እነሱ አሁን ይፈልጋሉ።»

«ታዲያ ይጠብቁ» ብዬ ዘጋሁበት።

መኪናው ከወዲህም ከወዲያም ተሰልፎ ክላክሱን ያቀልጠዋል። ጥቂት ብቆይ መንገዱ በግድ ይከፈታል፤ አፈሩም መስመሩም በጎማ ይፈጫል። ወደ ጎረቤቶቹ ዞሬ አፈሩ መነሳት አለበት አልኳቸው። የማይባለውን ያልኩ ያህል አዩኝ። አንዷ ሴትዮ «አንቺ ሰው አይደለሽም?» አለችኝ። አካፋ የያዘው ጎልማሳ አካፋውን ከጀርባው ደበቀ። ባልደረባዬ ክንዴን ነካ አድርጎ «ተይው፣ ፍጥነት ብለን እንዝጋው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ፀሐዩ አናቴን ይቀቅለዋል፣ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሰው ሁሉ ጠልቶኛል። ለማላውቀው ሹፌር ብዬ የሰው ሐዘን ላይ ምን አቆመኝ?

ወንድምየው ድምፃችንን ሰምቶ ከጥላው ተነስቶ መጣ።

«ምንድን ነው የምትሉት?» አለ።

«ጋሼ፣ አላህ ያጽናዎት» አልኩት። «አፈሩ ቢነሳልኝ ነው። የመኪናው ፍሬን ምልክት ከስሩ ሊኖር ይችላል።»

«ቢኖርስ?»

«ሹፌሩ ሊያቆም ሞክሯል ማለት ነው። የት ጋ እንደነበረም ያሳያል።»

«ባይኖርስ?»

«ባይኖር አልሞከረም ብዬ እጽፋለሁ።»

«አፈሩ ካልተነሳስ?»

«ካልተነሳ የሰውን ወሬ ነው የምጽፈው» አልኩት።

ወንድምየው ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ሽርጡን ሰብስቦ ተንበረከከና «ቢስሚላህ» ብሎ አፈሩን በእጁ ይጠርግ ጀመር። አካፋ ሊያቀብሉት ሲሉ አልፈልግም አለ። በመዳፉ እየገፋ፣ ደም ሲያገኝ እያለፈ፣ በዳር በዳሩ ሄደ። የወንድሙ ደም ነው። ሴቶቹ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ፤ እኔም ሜትሬን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ። ፖሊስ ሥራ ላይ አያለቅስም ይላሉ፤ ይበሉ።

መስመሩ ነበር። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ በሹፌሩ መስመር ውስጥ፣ ሰውየው ከወደቀበት ቀድሞ የሚጀምር። ወደ ዳር አልወጣም። ሹፌሩ እግሩ እስኪሰበር ነው የረገጠው።

ሽማግሌው በጉልበቱ እንዳለ ቀና ብሎ «ይኸው ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እርሻው ውስጥ ውሃ እየመለስኩ ነበር» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ክላክሱን ሰምቻለሁ። ደጋግሞ ነው የነፋው። እኔ የሰማሁትን ወንድሜ አልሰማም። ጆሮው ከከዳው ቆየ። ተናግሬ አይሰማም ነበር፤ አሁንም ሳይሰማ ሄደ። ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው።» ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ «እናንተም ታውቃላችሁ» አላቸው። ሦስተኛው ምስክር አንገቱን ደፋ።

ለካሁ፣ ሳልኩ፤ ርዝመቱ የሚበር መኪና የሚተወውን ያህል አይደለም። ሽማግሌው የገለጠውን ደም መልሶ በእጁ አለበሰው። መንገዱ ተከፈተ፤ ጀናዛውም ለሶላቱ ደረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ሰማሁ። ዜናው ከሽንኩርት ዋጋ ቀጥሎ መጣ። «አሽከርካሪው ከፍጥነት በላይ በማሽከርከሩ» አለች ልጅቷ በዚያ ጥርት ባለ ድምጿ። ሻይዬን ትቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

«ምን አድርግ ትይኛለሽ?» አለኝ ባልደረባችን። «ስልኩን ስትዘጊብኝ የተለመደውን ሰጠኋቸው። ፍርድ ቤት የሚያየው ያንቺን ፕላን ነው። ሬዲዮውን ማን ያስታውሰዋል?»

«አስተካክሉ በላቸው።»

«ለዚህ ማስተካከያ አይወጣም» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ረፋድ ላይ፣ ገና ከቢሮው ሳልወጣ፣ ሽማግሌው መጣ። ሐዘን ቤቱን፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ትቶ፣ በባጃጅ። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጠኝም።

«ሬዲዮው ያለውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔ የወንድሜን ደም የገለጥኩት ለምንድን ነው?»

የቢሮውን መልስ ደገምኩለት፤ ፕላኑ ትክክል ነው፣ ልጁም ዋስ ጠርቶ ይወጣል፣ ዳኛውም እውነቱን ያያል። ስናገረው ለራሴም ጣዕም አጣብኝ። ስጨርስ «እናት አለችው?» አለኝ።

«አለችው። ደጋ ነው ያለችው። ልጇ ቁጥሬን ሰጥቷት ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን ሰምታ ደውላልኝ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ልጄ ሰው ገዳይ ሆነ ወይ አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እየተጣራ ነው አልኳት» አልኩት። አፈርኩ።

«ደውይልኝ» አለ።

ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ያዘውና ጆሮው ላይ ለጠፈው። ስልክ የማያምኑ ሰዎች እንደሚያደርጉት ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ባልደረባችን ከኮምፒውተሩ ቀና አለ።

«እትዬ» አለ፣ «እኔ የሟቹ ወንድም ነኝ። አይዝጉት፣ ልጣላዎት አይደለም። ልጅዎ ፍሬን ይዞ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከዚያ የሴትዮዋ ለቅሶ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ መጣ። ሽማግሌው ስልኩን ሳያርቅ ጠበቃት። በመጨረሻ፣ በተቆራረጠ ድምፅ፣ «የወንድምዎን ነፍስ ይማርልኝ» ስትል ሰማኋት።

«አሚን» አለ ሽማግሌው፤ ጣቢያ ከገባ ጀምሮ ያኔ ገና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።