በድምፅ ብቻ የማውቃቸው መምህር ለታይ

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ጨርቅ እያጣጠፍኩ ስልኬን አየት ባደርግ፣ የእናቶች ግሩፓችን ላይ «መምህር ለታይ ዐረፉ» ይላል። ሌላ ለታይ ትሆናለች አልኩ። መቐለ ውስጥ ስንት ለታይ አለ። ለማረጋገጥ ደወልኩላቸው። ያነሳችው ሌላ ሴት ናት፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

አሁንም እጄ ስልኩን እየከፈተ መልእክት መጥቶ እንደሆነ ያያል።

ብዙዎቻችሁ ልጄን ሀያትን ታውቋታላችሁ። እሳቸውን ግን ላታውቋቸው ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሀያት የደም ካንሰር ይዟት ዓይደር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያኔ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔ ከወሎ መጥቼ እዚህ የምነግድ ሰው ነኝ፤ በከተማው የሥጋ ዘመድ የለኝም። ደም ያስፈልጋታል ሲሉኝ የማደርገው ጠፍቶኝ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዓዲ ሓቂ ካምፓስ ፈተና እንደጨረሱ በቀጥታ መጡ፤ ምሳም አልበሉም። አንድ ባጃጅ ነጂ ደም ሰጥቶ ሲወጣ የጠየቀኝ የልጄን ስም ብቻ ነው፤ በጸሎት ሊያስባት።

መምህር ለታይ ግን እዚያው ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «እኔ ደም መስጠት ተከልክያለሁ። ልጅቷ ስንተኛ ክፍል ናት?»

ተናደድኩ። ልጄ ትተርፍ አትተርፍ ሳላውቅ ስለ ክፍል ማን ያስባል ብዬ መለስኩላቸው። ትንሽ ቆይተው በድምፅ መለሱልኝ። ቀስ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ፤ በትግርኛ «ልጄ» ብሎ የሚጀምር።

«ጓለይ፣ የጠየቅኩሽ ገና ትማራለች ብዬ ስለማምን ነው።»

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ትማራለች ብሎ በሙሉ አፉ የነገረኝ ሰው አልነበረማ።

በማግስቱ ለሀያት የመጀመሪያውን ትምህርት በድምፅ ላኩላት። ያኔ ጸጉሯ ረግፎ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ትታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። ከክፍሉ ውስጥ በ«መ» የሚጀምሩ ሦስት ነገሮች ፈልጊ አሏት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ዞር አለች። መስኮት አለች። መጋረጃ አለች። ሦስተኛውን አጥታ ዓይኗ ሲንከራተት ነርሷ ገባች።

«መርፌ» አለች ልጄ።

ይህን ስነግራቸው ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀያት ጠዋት ስትነሳ የምትጠይቀኝ መድኃኒቷን አይደለም፤ የቤት ሥራዋን ነው። ፊደሉን እዚያው አልጋ ላይ ጨረሰችው።

ትኩሳቷ የሚነሳባቸው ቀኖች ነበሩ። ነገ ምን ይውጠኛል እያልኩ ስጽፍላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ዛሬን እንጨርስ።» እኔም ዛሬን ጨርሼ፣ ዛሬን ጨርሼ፣ ልጄን ይዤ ወጣሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት።

እኚህን ሴት አንድም ቀን በአካል አላየኋቸውም።

በመጀመሪያ ሀያት ሰው የበዛበት እንዳትገባ ተከልክላ ነበር። ከዳነች በኋላ ደግሞ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ነገ። እሳቸው ሲመችሽ ነይ ይሉኛል እንጂ ጨቅጭቀውኝ አያውቁም። ቤታቸው እዚሁ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ነው። ከሱቄ አንድ ሚኒባስ ብቻ።

ዛሬ ሄድኩ፤ ለቅሶ ልደርስ። ገና እግዜር ያጽናችሁ ስል እህታቸው ድምፄን ለየችው። የሀያት እናት ነሽ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። መምህር ልባቸውን ታመው ለዓመታት ከአልጋ እንደማይርቁ የሰማሁት ከእሷ ነው። ያን ሁሉ ትምህርት የቀዱት ትራስ ተደግፈው ነው። እኔ የራሴን ሳወራ ጤናዎ እንዴት ነው ያልኳቸው ስንቴ ነው?

ባለፈው ሐሙስ ሀያት አንድ ገጽ ሙሉ አንብባ ልካላቸው ነበር። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ኔትወርክ ነው አልኩ። እህታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዛላቸው ሦስት ጊዜ ሰምተውታል። መልስ ሊልኩ ሞክረው ድምፃቸው እምቢ ሲላቸው ለእህታቸው ነገሯት፦

«አራት ነጥብ ላይ ማረፍ ለምዳለች፣ እናቷን በያት።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነገርኳት። ሀያት፣ ታዲያ ንባቤን ለማን ነው የምልከው አለችኝ።

መምህር ለታይ፣ ፊትዎን ዛሬ አየሁት፣ ጠረጴዛ ላይ በቆመ ፎቶ። ቀጭን ነዎት። እኔ ከድምፅዎ ተነስቼ ግዙፍ ሴት አድርጌ ነበር የማስብዎት። አጠገብዎ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላወራ፣ እጅዎን ብቻ መያዝ ነበር የሚያምረኝ። አሁንም ያምረኛል። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።

አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። ደህና ይሁኑ፣ መምህርዬ። ልጄ ነገም ትምህርት ቤት ትሄዳለች።