የቆረጡትን ያልቀመሱት አክስቴ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ ቆሰበር ከተማ ላይ ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ለቀረ አንድ ጣልያን ያበስሉ ነበር። ከአስመራ የሚመጣለትን የአሳማ ሞርታዴላ እንደ ወረቀት አሳስተው ቆርጠው በዳቦ መሐል ይደረድሩለታል። ቀዝቃዛ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ነጭ ጮማ የተፈናጠቀበት ሥጋ ነው።

አንድ ቀን ጣልያኑ እንግዶቹ ፊት «ቅመሺ!» ብሎ ቁራሹን ወደ አክስቴ አፍ አስጠጋ።

«ጌታው፣ የቀጠሩት እጄን ነው፤ አፌን አይደለም» አሉና ቢላዋውን አስቀምጠው ወጡ። ተመልሰውም አልሄዱም።

ከዚያ ወዲያ ማዕድ በቀረበ ቁጥር እጃቸውን በሎሚ ፈትገው ታጥበው ይዘረጉልኛል። «እስቲ አሽትቺልኝ፤ አሁንም ይሸታል?»

«ኧረ አይሸትም፣ እቴቴ።»

በመጨረሻው ሕመማቸው ክንዳቸው ሲዝል እጃቸውን እኔው አንስቼ አሸተትሁት። የሎሚ ጠረን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን አላመኑኝም። አሁን ለምግብ ስንቀርብ እጁን የሚዘረጋልኝ የለም።